ሳልመልሰው የቀረ ጥያቄ

ሰው ከሚያፍርባቸው ነገሮች መካከል አንዳንዶቹ ሊኮራባቸው የሚገቡ ናቸው። እኔ ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

በ1997 ዓ.ም. በቂርቆስ አካባቢ የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። መኖሪያችን ካዛንቺስ ሲሆን፣ እናቴ የሰው ልብስ እያጠበች ታሳድገኝ ነበር። ጋቢና ነጠላ የመጣላት እንደ ሆነ ሳሙናውን ትታ የደረቀ የእንዶድ ፍሬ ወቅጣ በውሃ ትዘፈዝፋለች። እኔ ግን የእናቴን ሥራ ለጓደኞቼ አንድም ቀን አልነገርኋቸውም።

በዚያ ዓመት የሳይንስ ክበባችን በጽሑፋቸው የታወቁ ሁለት የሳይንስ ሊቃውንት ጋበዘ። በፊታቸው ጽሑፍ እንዳነብ የተመረጥሁት እኔ ነበርሁ፤ ርእሴም የዶክተር አክሊሉ ለማ ግኝት ነበረ። ይኸውም ዶክተር አክሊሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 በዐድዋ የቢልሃርዚያን በሽታ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ አያሌ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የበሽታው ተውሳክ የሚራባው በቀንድ አውጣ ውስጥ ስለ ሆነ፣ እንዶድ ቀንድ አውጣውን ሲገድል የበሽታውን መተላለፊያ ይቆርጣል ማለት ነው። ስለዚህም ሥራ እርሳቸውና ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በዚያው አቆጣጠር በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ ቃላት አጅቤ አነበብሁት፤ ተጨበጨበልኝም። ከእንግዶቹ አንዱ፣ ጠጕራቸው የሸበተው፣ «ልጄ፣ መልካም ጽፈሃል። ቀንድ አውጣው አለ፤ ሳፖኒኑም አለ፤ አጣቢዎቹ ሴቶች ግን የት ደረሱ? ለመሆኑ ልብስ በእንዶድ ሲታጠብ አይተህ ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ጓደኞቼ ሁሉ ይመለከቱኛል። «አይቼ አላውቅም» አልኋቸው።

እርሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «እንግዲያውስ የምታውቅ እናት ፈልገህ ጠይቅ። እናቶች የሚያውቁትን ወስደን ስንጽፍ፣ በሚሰሙት ቋንቋ መልሰን የመንገር ዕዳ አለብን» አሉኝ።

ማታ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እየመለስሁ ለእናቴ አነበብሁላት። ጸጥ ብላ ካዳመጠች በኋላ፣ «ሲወቅጡት እንደሚያስነጥስስ ጽፈሃል?» አለችኝ። አልጻፍሁም ነበር።

ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ ሳያልፍ የመንግሥት ሠራተኛ ሆንሁ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ አብሮ ፈረሰ። ለባለጉዳይ ደብዳቤ በጻፍሁ ቍጥር ግን፣ እናቴ ብትሰማው ይገባት እንደ ሆነ አስቀድሜ ራሴን እጠይቃለሁ።

ለእኒያ ሊቅ እውነቱን ለመንገር ዳግመኛ አላገኘኋቸውም። ይህን ገጽ ምናልባት ያነቡት እንደ ሆነ መልሴ የሚከተለው ነው፤ አዎን፣ አይቻለሁ፤ ያደግሁትም በዚያው ነው።