ንግሥቱን የሰጠው የሂሳብ መምህር

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ ከዝቋላ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። (ዝቋላ ስል ቢሾፍቱ አጠገብ ያለውን ጋራ ማለቴ አይደለም፤ የኛውን የዋጉን፣ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርደውን ወረዳ ነው።) ልጁ ዛሬ ራሱ መምህር ሆኗል። ከክፍል በኋላ ልጆች ሰብስቦ ቼዝ ያጫውታል። ሰሌዳው ካርቶን፣ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው። «ቲቸር፣ ያን የ1851ን ጨዋታ ላሳያቸው ብዬ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ‹መስዋዕትነት› ብዬ ስጽፍ ክፍሉ ጸጥ አለ። ምን ብዬ ልጥራው?» ይላል።

ክፍሉ ለምን ጸጥ እንዳለ ለዋግ ሰው አላስረዳም። 2013 እና 2014 ዓ.ም. በዚያ አገር እንዴት እንዳለፉ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። መልሱ ስለረዘመብኝና ቼዝ የምትወዱ ሌሎቻችሁም ስላላችሁ እዚሁ ልጻፈው አልኩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1851፣ ለንደን። በኛ ሰኔ 1843 ነው፤ ካሳ ኃይሉ ገና ዐፄ ቴዎድሮስ አልተባሉም። ነጩን የያዘው አዶልፍ አንደርሰን የብሬስላው ከተማ የሂሳብ መምህር ነው። ጥቁሩን የያዘው ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ደግሞ ፓሪስ ካፌ ውስጥ ቼዝ እያስተማረ የሚኖር ሰው። በዚያ ሰሞን ለንደን ላይ ትልቅ ውድድር ነበር፣ አንደርሰንም አሸንፎታል። ይህኛው ግን ከውድድሩ ውጭ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል የተጫወቱት ነው። ዛሬ የውድድሩን ጨዋታዎች የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ይህን ግን «የማይሞተው ጨዋታ» እያለ ዓለም ሁሉ ያጠናዋል። ደስ የሚለኝ ነገር፣ በጋዜጣ ያወጣው ተሸናፊው ኪዘሪትስኪ ራሱ ነው። በራሱ መጽሔት ላይ!

23 እርምጃ ብቻ ነው። አንደርሰን አንድ ቢሾፕ ሰጠ፣ ሁለቱንም ሩኮች ሰጠ፣ መጨረሻ ላይ ንግሥቱን ሰጠ። በቀሩት አንድ ቢሾፕና ሁለት ፈረሶች ማት አደረገ። ጥቁሩ በጠቅላላው ያጣው ሦስት ወታደር ብቻ ነው። አስቡት፦ ንግሥቱ፣ ሁለቱ ሩኮቹ፣ ሁለቱ ቢሾፖቹ፣ ሁለቱ ፈረሶቹ ሁሉም ሰሌዳው ላይ እያሉ ንጉሡ ተያዘ። ሩኮቹ አንዴም ከቦታቸው አልተነሱም። ንግሥቱ ደግሞ ሩክ ልትበላ ሄዳ የሰሌዳው ጥግ ላይ ቀርታለች። ቤቱ ሲቃጠል ገበያ እንደወጣ ባለቤት በሉት።

እንግዲህ ለልጆቹ የምለው እዚህ ላይ ነው። የአንደርሰን ስጦታዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ሰው ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ያጨበጭብላቸዋል።

ሩኮቹን አስጥሎ የሄደበት 18ኛው እርምጃ (ቢሾፑን ወደ ዲ-6 ያስገባበት) ከሁሉ የተወራለት ነው። በኋላ ዘመን ጨዋታውን የመረመሩ ጌቶች ግን ሌላ የተሻለ እርምጃ እንደነበረው አሳይተዋል። እንዲያውም ጥቁሩ ያኔ በትክክል ቢመልስ ነገሩ ይወሳሰብ ነበር። ሩኮቹን ያለ አስፈላጊነት ነው የሰጣቸው ማለት ነው። ድፍረቱ ያምራል፣ አልክድም። ግን አላስፈላጊ ነበር።

የንግሥቱ ስጦታ ግን ሌላ ነው። 22ኛው እርምጃ ላይ ንግሥቱን ኤፍ-6 ላይ አምጥቶ ቼክ ይላል። ለምን? ጥቁሩ ጂ-8 ላይ የቆመ ፈረስ አለው፤ የኢ-7ን ካሬ የሚጠብቀው እሱ ነው። ንጉሡ የሚሸሽበት ካሬ የለውም፤ ጥቁሩም በዚያ ፈረስ ንግሥቱን በላ። ፈረሱ ሲነሳ ኢ-7 ባዶ ቀረች። ቢሾፑ ገባ፣ አለቀ። ጠባቂውን ከበሩ ለማንሳት ነው ንግሥቱን የከፈለው፣ ከመክፈሉ በፊትም ምን እንደሚያገኝበት እስከ መጨረሻው ቆጥሮታል። የሂሳብ መምህርነቱ የታየኝ እዚህ ላይ ነው።

ይህን ጨዋታ የኛ የጥንት ሰዎች ቢያዩት ምን ይሉ ነበር እያልኩ አስባለሁ። እኛም እኮ የራሳችን ሰንጠረጅ ነበረን። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው ጽፈውታል። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ይባላሉ። መጀመሪያው «ወረራ» ነው፤ ተራ የሚባል ነገር የለም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጨለቆት ላይ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል።

እኔን የሚገርመኝ የማቱ ሥርዓት ነው። ተቃዋሚህን ጠጠሩን ሁሉ በልተህ ንጉሡን ብቻውን ካስቀረኸው ማት ማድረግ አትችልም። ማሸነፍ የምትፈልግ ከሆነ የሰውየውን ጠጠር ልትተውለት ግድ ነው። ማቱም ደረጃ አለው፦ በደር ወይም በፈረስ መጨረስ እምብዛም አያስከብርም፣ በፊል ወይም በፈርዝ ያስመሰግናል፣ በመደቅ ከሆነ ደግሞ እልልታ ነው። በዚህ ሚዛን የአንደርሰንን ጨዋታ መዝኑት። ጥቁሩ ሠራዊቱ ሙሉ እያለ፣ የፊል ልጅ በሆነው ቢሾፕ ማት! ራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ቢሆን ጽዋ ያስቀዳ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። ሁለተኛው መልእክትህ ላይ አንዷ ልጅ «እናቴ በድርቁ ጊዜ ፍየሎቹን ቶሎ ሸጣ ላሟን እንዳስቀረችው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ ብለሃል። አዎ፣ ልክ እንደሱ ነው በላት። ሁሉም ሰው ገበያ ከመውጣቱ፣ ፍየሎቹም አጥንታቸው ከመቅረቱ በፊት ሸጣ፣ በገንዘቡ መኖና እህል ገዝታ ላሟን ያተረፈች እናት ሂሳቡን ከአንደርሰን 18ኛ እርምጃ በተሻለ ሠርታለች። ከ22ኛው ጋር እኩል ናት።

ስለ ቃሉ ደግሞ፣ «መስዋዕትነት»ን አጥፋውና «መስጠት» በል። የልጆቹ ስሜት አንድ ነገር ነው፤ ሌላም ምክንያት አለኝ። ቼዝ ላይ የሚሰጠው ተጫዋቹ ነው። ቆርኪው አልተጠየቀም። ሰው ስለ ሌላው ብሎ ራሱን ሲሰጥ የምንጠራበትን ቃል፣ እጅ አንስቶ ለሚያስቀምጠው ቆርኪ ባናውለው ይሻላል። ልጆቹ ይህን ከኔና ካንተ በላይ ያውቁታል፣ ለዚህም ነው ዝም ያሉት።

ደግሞ በዚህ ጨዋታ አትጀምር። መጀመሪያ የፖል ሞርፊን አሳያቸው፤ እ.ኤ.አ. 1858፣ ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ፣ የ21 ዓመት ልጅ ለሁለት መኳንንት ያሸነፈው። 17 እርምጃ ብቻ ነው፣ ቆርኪም ቢሆን አይደናገራቸውም። ንግሥቱን ሲሰጥ ከመብላት ሌላ አንድም እርምጃ አልነበራቸውም። እያንዳንዱ ስጦታ ላይ አቁምና «አሁን ጥቁሩ ምን ማድረግ ይችላል?» ብለህ ጠይቃቸው፤ መልሱን ራሳቸው እስኪያገኙት አትቀጥል። የሚያሳዝነው ሞርፊ የጨረሰው በሩክ ነው። የጥንቶቹ ባለ ሰንጠረጆች ይህን ሲያዩ ከንፈራቸውን መምጠጣቸው አይቀርም ነበር።

ሰቆጣም ሆነ ደሃና፣ አበርገሌም ሆነ ዝቋላ፣ አያቶቻችሁ ሰንጠረጅ ሲጫወቱ ያያችሁ ወይም የሰማችሁ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የጠጠሮቹን ስም በኽምጣኛ የሚያውቅ ካለ ደግሞ ደውሉልኝ፣ ቁጥሬ ያው የድሮው ነው።