ሁለት መያዣ

«መያዣ» የምትለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ በአፌ እንደምትመላለስ ቆጥሬ አላውቅም። የባንክ ሠራተኛ ነኝና እንጀራዬ ከእርሷ ጋር የተሳሰረ ነው። ብድር ፈላጊ ሲመጣ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠየቀው መያዣው ነው። ግጥም የሚሞክር ሰው ደግሞ ሁለት ፍቺ ያላትን ቃል ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም፤ መያዣ እኮ እጃችን የሚጨብጣት የመሣሪያ እጀታም ናት። ሁለቱ ፍቺዎች ተገናኝተው ያየሁት እዚሁ ወረኢሉ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ ባዘዝኩበት የእንጨት ሥራ ቤት ነው።

ባለሙያው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ በእጅ መጋዝ ጀምረው በኤሌክትሪክ መጋዝ የሸመገሉ ሰው ናቸው። ጣውላ የሚሰነጥቁት በእጅ በሚያዝ ክብ መጋዝ ነው። የዚህ መጋዝ የታችኛው ክዳን ዲስኩ እንጨት ውስጥ ሲገባ ወደ ኋላ ይገለጣል፤ ሲወጣም በሞላ ተስቦ ጥርሱን መልሶ ይሸፍናል። የእርሳቸው ክዳን ግን ወደ ላይ ተስቦ በሽቦ ታስሯል።

«ጋሼ፣ ይኸ ክዳን ምን አጥፍቶ ታሰረ?» አልኳቸው።

«እየተቀረቀረ ሥራ ያጓትትብኛል። ደግሞስ እኔ እጄን የማላውቅ ልጅ ነኝ እንዴ?»

«የእህትዎ ልጅ ሲይዘውስ?»

የጣውላውን ጫፍ ደግፎ ወደቆመው ልጅ ዘወር አሉና፣ «ለእርሱማ እፈታለታለሁ፤ ገና ነው» አሉኝ።

ከቁጥር ጋር የምውል ሰው ነኝና ያን ማታ ሒሳቡን ሠራሁት። የተለመደው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር 185 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በደቂቃም 5,000 ጊዜ ግድም ይዞራል። አንዲት ጥርስ በአንድ ዙር 58 ሳንቲ ሜትር፣ በደቂቃ 2,900 ሜትር፣ በሰዓት 174 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ከወረኢሉ ተነሥቶ ደሴ ለመድረስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሰው አይቶ፣ ደንግጦ፣ እጁን እስኪያሸሽ ግማሽ ሰከንድ ቢፈጅበት ዲስኩ 40 ጊዜ ዞሯል። እጅን ማወቅ እጅን ፈጣን አያደርገውም።

እንጨቱም የራሱ ጠባይ አለው። የደጋችን ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ያከማቻል። ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይፈታና ጣውላው ይጣመማል፤ አንዳንዴም የተከፈተው መንገድ ተመልሶ ይጋጠምና ዲስኩን አንቆ ይይዘዋል። በሁለት ጫፉ ብቻ የተደገፈ ጣውላ መሐሉ ሲቆረጥም እንዲሁ ነው፤ መሐሉ ሲረግብ መንገዱ ይጠባል። ያን ጊዜ መጋዙ ከእንጨቱ ዘልሎ ወደ ያዘው ሰው ይወረወራል። ክዳኑ ከታሰረ ጭን ላይ የሚያርፈው በጥርሱ ነው።

መከላከያው ረቂቅ ጥበብ አይደለም። ጣውላውን በሞርሳ ማሰር፤ ተቆርጦ የሚወድቀውን ጫፍ በሰው እጅ ሳያስይዙ እንዲወድቅ መተው፤ ዲስኩን ከጣውላው በታች ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ አለማውጣት፤ ከመጋዙ በስተኋላ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ መቆም፤ ዲስክ ሲቀየርም ሆነ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን መንቀል፤ መነጽር ማድረግ፤ ጋቢንና ነጠላን አውልቆ መሥራት። ግራይንደር ላይ የእንጨት ጥርሳም ዲስክ መግጠም ደግሞ ጨርሶ መቅረት ያለበት ልማድ ነው፤ ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ራሱን የሚዘጋ ክዳንም የለውም።

ከሁሉም በላይ ሁለቱን እጅ በሁለቱ መያዣ ላይ ማዋል ነው። መጋዙ ሁለት መያዣ የተሠራለት ለክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱም ከተያዙ ዲስኩ የሚያገኘው እጅ አይኖርም። የባንክ ካዝናም በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል። ሁለተኛው ቁልፍ የመጀመሪያውን ሰው ሌባ ነህ አይለውም፤ ሰው ነህ ነው የሚለው። የመጋዙም ክዳን ባለሙያውን አላዋቂ አላለውም።

እንዲያውም ክዳኑ ከጀማሪው ይልቅ ለባለሙያው የሚያስፈልግ ይመስለኛል። ጀማሪ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ዓይኑን ከዲስኩ አያነሣውም። ባለሙያ ግን እጁ በልማድ ስለሚሠራለት ሐሳቡ ገበያ ይሄዳል፤ ስለ ልጅ ትምህርት ቤት፣ ስለ እህል ዋጋ ያሰላስላል። በዚያች ቅጽበት ነቅቶ የሚጠብቀው ያ የተናቀ ክዳን ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብ ያዝዛል፤ ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ እንዳያነሣ ይከለክላል። ነገር ግን አዋጅ አጎትና የእህት ልጅ እስከሚሠሩበት ጓዳ ሲደርስ ይደክመዋል። እዚያ ቤት ለልጁ አዋጁ የአጎቱ እጅ ነው። አጎት ለልጁ ሽቦውን መፍታታቸው አደጋውን አሳምረው እንደሚያውቁት ያሳያል። ልጁ ግን በፈቱለት ጊዜ ከሚማረው ይልቅ አስረው ሲሠሩ እያየ የሚማረው ይበልጣል፤ ሽቦውን የአዋቂነት ምልክት አድርጎ ይወስደዋል፤ ያደግሁ ሲመስለውም ያስረዋል።

ባንክ ቤትን በመያዣነት ይመዘግባል፤ የአናጢን እጅ ግን በየትኛውም መዝገብ ጽፎ አያውቅም። የተሸጠ ቤት ዳግመኛ በእጅ ይሠራል፤ እጅ ግን በምን ይሠራል? ሥራ የምናዝዝ ሰዎችም «ለነገ አድርሱልኝ» ባልን ቁጥር በዚያ ሽቦ ላይ አንድ ዙር እንደምንጨምር ባንዘነጋ መልካም ነው።