«እኛ» የገጠምናት ሞተር

እኛ ማለት አንድ ሞተር ሳይክል ነጂና አንዲት የጋዜጠኝነት ምሩቅ፣ የአንድ እናት ልጆች ነን። ሞተሯ ደግሞ ሀዋሳ ውስጥ ከአሞራ ገደል ዓሣ እየጫነች ለምግብ ቤቶች የምታደርስ የቻይና 125 ናት። የቤት ኪራያችንን የምትከፍለው እሷ ናት፤ ዲግሪው ገና ነው።

እናላችሁ፣ ሞተሯ ሰማያዊ ጭስ መትፋትና ዘይት መጠጣት ጀመረች። ፋሻዋ አልቋል ማለት ነው። ጋራዥ የተጠየቅነው የእጅ ዋጋ ከኪሳችን በላይ ሆነና «እኛው እንገጥማታለን!» አልን። ድፍረት አይከፈልበትም።

ለነገሩ ሞተሯም ታደፋፍራለች። ሆንዳ በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣት የሲጂ 125 ቅጂ ናት፤ ቫልቮቿ የሚገፉት በዘንግ ስለሆነ ከላይ የሚያስቸግር ሰንሰለት የላትም። ሲሊንደሩን ቶርኖ ቤት አስጠርበን፣ በ0.25 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፒስተን ገዝተን፣ ማታ በረንዳችን ላይ ካርቶን አነጠፍን።

የፋሻዎቹ ክፍተት አንድ መስመር ላይ እንዳይውል አራራቅን። ዕቃ ወደ ሆዷ እንዳይወድቅ የሞተሯን አፍ በጨርቅ ወተፍን። ፒስተኑን የሚይዘውን ፒን አስገባን። ፒኑ እንዳይንሸራተት ግራና ቀኝ አንዳንድ ክሊፕ ይገባለታል፤ የጥፍር ቁራጭ የምታህል የሽቦ ቀለበት። አንዷን አስገባን። ሁለተኛዋን በፒንሳ እንደያዝን መብራት ሄደ!

በሞባይል መብራት ቀጠልን። ጨርቁን አወጣን፣ ሲሊንደሩን አለበስን፣ ቴስታታውን ጫንን፣ ዳዶዎቹን በመስቀል እያፈራረቅን አጠበቅን፣ ቫልቮቹን በ0.08 ሚሊ ሜትር አስተካከልን። እኩለ ሌሊት ላይ በዘይት እጃችን ተጨባበጥን። ይሄኔ እናታችን ለማጠብ ያነሳችውን ጨርቅ ስታራግፍ አንድ ነገር ጠብ አለ።

«ልጆች፣ ይቺ የምንድን ናት?»

ክሊፗ! አንዳችን ሌላችን ያስገባት መስሎን ኖሯል።

እውነቱን እንናገር፤ «አንዲት ሽቦ ምን ታመጣለች?» ማለት አምሮን ነበር። ታመጣለች እንጂ! ፒኑ ወጥቶ አዲሱን ሲሊንደር ይፍቀዋል። ሞተሩ በሩጫ ላይ ድንገት ቀጥ ካለ የኋላ ጎማው ይያዛል። ከላይ የተቀመጠው ደግሞ የዚችው ሴትዮ ልጅ ነው።

ፈታናት። ጓርኒሲዮኑ ሲላቀቅ ተቀደደ። ሱቅ ተከፍቶ ሌላ እስክንገዛ የአንድ ቀን ዓሣ አመለጠን።

ምሩቋ በኩል ያለነው ግን ሌላ ነገር ነው ያሳሰበን። ዜና ላይ «አጣርተናል» ብለን ስንጽፍ ያጣራው ማን ነው? ዘጋቢው አርታኢው ያጣራዋል ይላል፤ አርታኢው ዘጋቢው አጣርቶታል ይላል። «እኛ» የምትለዋ ቃል ለመደበቂያ እንዴት ትመቻለች መሰላችሁ! ለእኛ ክሊፗን የያዘልን ጨርቅ ነበር፤ ለዜና ግን ማን ጨርቅ ይወትፋል?

አሁን ሞተሯ ያለ ጭስ እየሄደች ነው። እኛም ደንብ አውጥተናል፤ አንዱ ሲያስገባ ሌላው በጣቱ ይነካል፣ «ነካሁ» ብሎም ይናገራል። እናታችን ግን ዛሬም ቡና ላይ «ለመሆኑ ያቺን ሽቦ የረሳው ማነው?» ትለናለች።

ተያይተን «እኛ» እንላለን።