ቀላል ጫማ

ሞተር ላይ ድንኳን ጭኖ ሜዳ ለማደር የሚወጣ ሰው ሁለት ጫማ ያስፈልገዋል። አንደኛው አያከራክርም፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ቦት ጫማ ነው። ማርሽ የሚቀየረው በግራ እግር ጣት ነው፤ ማርሚታው ደግሞ በቀኝ እግር በኩል እንደ ምጣድ ይግላል። ከሚሴ ውስጥ በነጠላ ጫማ የሚነዳ ሞልቷል፣ እኔ ግን አልመክርም። የሚያከራክረው ሁለተኛው ነው፤ ሞተሩ ከቆመ በኋላ እግር የሚያርፍበት ቀላል ጫማ።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ነገር ሲያከራክረኝ ኤክሴል እከፍታለሁ። ስኒከር፣ ነጠላ ጫማ፣ ኮንጎ፣ በረባሶ ብዬ ደረደርኩና አንድ በአንድ ሰፈራችን ሱቅ ሄጄ አስመዘንኩ። ባለሱቁ «ሽንኩርት ነው እንዴ?» እያለ መዘነልኝ። ነጠላ ጫማ አንደኛ ወጣ። በረባሶ መጨረሻ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት።

ግን መሬቱ ኤክሴል አያውቅም። መጀመሪያ የወደቀው ስኒከር ነው። በእኛ አገር መንገደኛ በቀን አምስቴ ለውዱእ እግሩን ይታጠባል፤ በእርጥብ እግር የሚገባ፣ መስጊድ ወይም ሰው ቤት ደጃፍ ላይ ሳይጎነበሱ የሚወልቅ ጫማ ያስፈልጋል። ደግሞ ሰው ቤት መግባት አይቀርም። ድንኳን ስትተክል ያየህ አባወራ «እንግዳ ሜዳ ላይ አያድርም» ብሎ ይመጣል፤ ቢያንስ ቡናውን ሳትጠጣ አይለቅህም።

ቀጥሎ ነጠላው ወደቀ። የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሆነ እሁድ ከከሚሴ ተነስቼ በሐርቡና በኮምቦልቻ አድርጌ ወደ ምሥራቅ ቁልቁል እወርዳለሁ። (ይሄ ሁሉ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው፤ የአገሬው አንባቢ ሳልነግረውም ያውቃል።) ወደ ባቲ ሲቀርቡ መሬቱ ይደርቃል፣ ግራሩ ይበዛል። የግራር እሾህ ስፖንጁን ነጠላ ጫማ እንደ ቅቤ ነው የሚያልፈው። ማታ እንጨት ፍለጋ አሥር እርምጃ መሄድ ይበቃል።

ኮንጎ ጥሩ ተፎካካሪ ነበር። ቦርከና የሚያጠጣው የጨፋ ሜዳ ላይ፣ ዋልካው ጭቃ በሆነበት ወቅት፣ ከኮንጎ የሚሻል የለም፤ ወንዝ ውስጥ ነክሮ ማውጣት ነው። ቀን በፀሐይ ግን እግርን ይቀቅላል፣ እሳት ዳር ደግሞ ፕላስቲክ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ ለጨፋ ኮንጎ፣ ለባቲ በረባሶ አልኩ።

እዚህ ላይ ነው አባቴ የገባበት። እሱ ወጣትነቱን የጨረሰው በበረባሶ፣ ባቲ ገበያ ከብት እየነዳ በእግሩ ሲመላለስ ነው። ሞተሩ ላይ ታስሮ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ይሄን እንዳታደርግ አይደል እንዴ ያስተማርንህ? ሰው ፊት አትቅለል» አለኝ።

ቃሉ ጠዘጠዘኝ። እኔ ስለ ግራም ሳወራ ከርሜያለሁ። በአማርኛ ግን «ቀለለ» ማለት ክብደቱ ቀነሰ ማለት ብቻ አይደለም፤ ከሰው ዓይን ወረደ ማለትም ነው። ለእሱ በረባሶ ከአራቱም ጫማ በጣም የሚያቀለው ነበር።

ልከራከረው ሞከርኩ። ቤተልሔም ጥላሁን አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ላይ የመሠረተችው ሶልሬብልስ በአሮጌ ጎማ ሶል የተሠራ ጫማ ባሕር ማዶ ድረስ እንደሸጠ ነገርኩት። አዳመጠኝና «ፈረንጅ ያድርገው፤ ፈረንጅን ማን ድሃ ነው ይለዋል?» አለ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። እኔ በረባሶውን ስፈታው የማጠልቀው ቦት አለኝ። እሱ ሲፈታው የሚቀረው ባዶ እግሩ ነበር። በዚህ ላይ «ምቾት» ብሎ መከራከር ደስ አይልም። በረባሶውን ግን አልተውኩትም፤ እሾሁ ያው እሾህ ነው። እሱም ዳግመኛ አላነሳብኝም፣ ብቻ ጎረቤት ሲጠይቀው «ለሞተሩ ነው» ይላል።

ለሚያሠራ ሰው የማውቀውን ልበል። ጎማው ውስጡ የብረት ሽቦ የሌለው ይሁን፤ ሽቦ ያለው ሲበላ ጫፉ ወጥቶ እግር ይወጋል። የኔን የሠሩልኝ አዛውንት «ለሥራ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ለመዝናናት ነው ስላቸው ቀና ብለው አዩኝና ዝም ብለው እግሬን ለኩ። ክብደቱን ይቀንሱልኝ ብዬ ነበር። «የጎማውን ጥርስ ከላጨሁት ያዳልጥሃል፣ ከውስጥ በኩል ልቀንስልህ» አሉና በቢላ ስስ አድርገው ገፈፉት። የማሰሪያውን ምስማር ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በእጅ ዳብሶ ማየት ነው፤ ብቅ ያለ ካለ በድንጋይ መምታት። ሲታሸግ ሶል ለሶል ገጥሞ ድንኳኑ ላይ በጎማ ላስቲክ ይታሰራል። ዝናብ ቢመታው ምንም አይሆንም፣ ቦርሳ ውስጥም ቦታ አይሻማም።