ለቦት የተነገረውን ማን ይሰማዋል?

ሰሞኑን ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ የምትሰበስቡ ልጆች «መምህር፣ የድምፅ ማስታወሻ በቴሌግራም ቦት ብንሰበስብ ይሆናል ወይ?» እያላችሁ በውስጥ መስመር ትጠይቁኛላችሁ። ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

ይሆናል። ዘዴው ራሱ አዲስ አይደለም። ተሳታፊው ውሎውን እየመዘገበ ቆይቶ፣ በመዘገበው ላይ ቃለ መጠይቅ የሚደረግበትን መንገድ ዚመርማንና ዊደር ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ኋላም ቴፕ እየሰጡ ድምፅ ያስቀዱ ነበሩ። ቦቱ የጨመረው፣ ሰው እጅ ላይ ባለው ስልክ በየቀኑ ሰዓቱን ጠብቆ መጠየቁን ነው።

ጥቅሙ ትልቅ ነው። የሌሊት ፈረቃ የጨረሰች ነርስ ታክሲ እየጠበቀች ሁለት ደቂቃ ብታወራ፣ ከሳምንት በኋላ ቢሮ ጠርተን «ያን ቀን ምን ተሰማሽ?» ብንላት ከምትነግረን ይበልጣል። ድካሟ፣ ዝምታዋ፣ የወያላው ጥሪ ሳይቀር አብሮ ይመጣል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ከቦት ጋር የሚደረግ ንግግር የቴሌግራም «ምስጢራዊ ቻት» አይደለም። ድምፁ የኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ይህን ፈቃድ መጠየቂያ ቅጹ ላይ ሰው በሚገባው አማርኛ ጻፉት። ስልኩን ቤተሰብ የሚጋራው ከሆነ ደግሞ የላከችውን ሌላ ሰው ከፍቶ ሊሰማው ይችላል።

ሁለተኛው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ሰው ለቦት ሲናገር አንዳንዴ ለሰው የማይለውን ይላል፤ አይታዘበኝም ብሎ። ታዲያ ያቺ ነርስ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ «መኖር ሰልችቶኛል» ብላ ብትልክስ? ቦቱ የሚመልሰው የተጻፈለትን ነው፦ «መልእክትዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» እናንተ ተኝታችኋል። ድምፁን የምትሰሙት ምናልባት ከወር በኋላ፣ ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡት ነው። እሷ ግን የሆነ ሰው የሰማት መስሏታል።

ስለዚህ በየቀኑ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ከሌላችሁ ቦት አትክፈቱ። ገና በመጀመሪያው መልእክት «ይህ ማሽን ነው፤ ድምፅዎን የምሰማው እኔ ነኝ፣ የምሰማውም ጠዋት ጠዋት ነው» በሉ። ሲከፋት የምትደውልበትን ቁጥር፣ ልትሄድበት የምትችለውን ባለሙያ ቀድማችሁ አዘጋጁ። 20 ሰው መስማት ካቃታችሁ 8 ይብቃችሁ፤ ማንም አማካሪ በዚህ አይቀየማችሁም።

ይህን ካሟላችሁ ኑ፣ ቦቱን አብረን እንሠራዋለን። እሱ ቀላሉ ሥራ ነው።