የተረፈው ሌሊት የማን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ዘይት፣ ስለ መድኃኒት ብዙ ተባለ፤ መባሉም ተገቢ ነው። ስለ ማሽን ተጨማሪ ዕቃዎች ግን ብዙም አልተወራም። የአነስተኛ ሠራተኛው ዕጣ የሚወሰነው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ ካሉት የህትመትና የማስዋቢያ ቤቶች አንዱን እንውሰድ። ባለቤቱ ወረቀትና ስቲከር የሚቆርጥ ፕሎተር አለው። የሰርግ ወቅት ሲደርስ ከሙሽሮች ጀርባ የሚሰቀለውን፣ ሦስት ሜትር የሚረዝመውን የወረቀት ጥልፍ ይሠራል። ማሽኑ ጎበዝ ነው። ችግሩ ከኋላው ያለው ጥቅል ነው። ፕሎተሩ ወረቀቱን ወደፊትና ወደኋላ እያንሸራተተ የሚቆርጠው በራሱ ትንንሽ ሮለሮች ጨብጦ ነው። እነዚያ ሮለሮች 12 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ለመጎተት አልተሠሩም። ወረቀቱ አንድ ሚሊሜትር ሲንሸራተት ማሽኑ አያውቅም፤ ባለበት ቆጠራ ይቀጥላል። መንሸራተቱ ሲደጋገም የጥልፉ ጫፍና ጫፍ አይገናኙም፤ ወረቀቱም ሌሊቱም ከንቱ ይቀራል።

ጥቅሉን በሞተር የሚፈታ ዕቃ ከውጭ ይመጣል። ባለቤቱ ዋጋ ሲጠይቅ የተነገረው ከፕሎተሩ መግዣ ብዙም አይርቅም ነበር፤ ያውም ወራት ጠብቆ። እስከዚያው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው። አንዲት ረዳት ልጅ ከማሽኑ ኋላ ቆማ ጥቅሉን በእጇ እየፈታች ታድራለች። የሚከፈላትም በሌሊት ተቆጥሮ ነው።

ሰውየው ሱማሌ ተራ ወርዶ የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ገዛ። ምርጫው ብልህ ነበር። ሞተሩ በ12 ቮልት ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ጉልበት አለው፤ ሲቆም ደግሞ ውስጡ ያለው ጥርስ ወደኋላ ስለማይለቅ የራሱ ፍሬን ነው። ከምናለሽ ተራ ሁለት ቧንቧና አራት ኩሽኔታ አመጣ። ጫፎቹን ቶርኖ ቤት አስተካከለ፤ ቧንቧዎቹን ወረቀቱ እንዳያንሸራትት የብስክሌት ካላማዳሪያ አለበሳቸው። ጥቅሉ በሁለቱ ቧንቧዎች ላይ ተኛ። ኤሌክትሪኩ ከተጣለ የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ተገኘ።

የመጀመሪያው ሙከራ አልሠራም። ሞተሩን ከፕሎተሩ ፍጥነት ጋር ሊያመሳስል ሞከረ። ሞተሩ ሲቀድም ወረቀቱ ወለል ላይ ተከመረ፤ ሲዘገይ ተወጥሮ ከሮለሩ አመለጠ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። መፍትሔውን የተናገረችው ከኋላ ስትቆም የከረመችው ልጅ ናት፦ «ጋሼ፣ አይጎትቱት። ሆድ ይተዉለት።»

ልጅቷ በእጇ የምታውቀው ይህንን ነበር። ወረቀቱን ለማሽኑ አታቀብልም። በጥቅሉና በማሽኑ መካከል እንደ ሆድ ተንጠልጥሎ እንዲቀመጥ ታደርጋለች። ማሽኑ የሚስበው ከተንጠለጠለው ነው፤ የጥቅሉ ክብደት አይደርስበትም። ሆዱ ሲሳሳ ትፈታለች፤ ሲሞላ ታቆማለች።

ከዚያ በኋላ የቀረው ቀላል ነበር። በተንጠለጠለው ወረቀት ላይ ቀጭን ሸንበቆ አሳረፉ። ወረቀቱ ሲያልቅ ሸንበቆው ወደላይ ይወጣና ማብሪያውን ይነካል፤ ሞተሩ ይነሣል። ወረቀቱ ሲወርድ ሸንበቆውም ይወርድና ከታች ያለውን ማጥፊያ ይነካል። ፕሮግራም የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ሸንበቆ የተመረጠው ብረት ከብዶ ወረቀቱን ስለሚስብ ነው።

የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህ ዕቃ እንደ ፕሎተሩ ትክክል መሆን አያስፈልገውም። ልኬቱ፣ የሚሊሜትር ጥንቃቄው፣ ሁሉም ፕሎተሩ ውስጥ ነው። የቤት ሥራው ሮለር የሚሸከመው ክብደቱን ብቻ ነው፤ አምስት ሴንቲሜትር ቢያሳስት እንኳ ሆዱ ይውጠዋል። ብዙ ጊዜ «እዚህ አይሠራም፣ ጥራት ይጠይቃል» የሚባለው ዕቃ ሲፈተሽ ግማሹ ጥራት የማይጠይቅ ነው። የትኛው ክፍል ከውጭ መምጣት እንዳለበት፣ የትኛው በቶርኖና በኩሽኔታ እንደሚያልቅ መለየት ራሱ እውቀት ነው። ስለ ተኪ ምርት በየስብሰባው ሲወራ ከግዙፍ ፋብሪካ በፊት ይህ መለየት ቢቀድም ብዙ ዶላር ይተርፍ ነበር።

ይህ እውቀት ግን መዝገብ የለውም። ከውጭ የመጣ ማሽን ደረሰኝና የሞዴል ቁጥር ስላለው ባንክ ዘንድ ወግ ያገኛል። የሱማሌ ተራ ሞተርና ሸንበቆ በምን ስም ይመዘገባል? ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አውጥተዋል። ዛሬ ቀጥቃጭ ብሎ የሚሰድብ ቀንሷል። «እዚሁ የተሠራ ነው» ሲባል የገዢው ፊት የሚለወጠው ግን ያው ስድብ ልብሱን ቀይሮ ነው።

ሌላም የማይመች ጥያቄ አለ። ሮለሩ መሥራት በጀመረበት ሳምንት ከኋላ የሚቆም ሰው አላስፈለገም። የሌሊት ክፍያም አበቃ። መፍትሔውን የሰጠችው ልጅ በራሷ መፍትሔ ገቢዋን አጣች ማለት ነው። «ቴክኖሎጂ ሥራ ይፈጥራል» የሚለው ንግግር እንዲህ ዓይነቱን ሳምንት ዘሎ ነው የሚያልፈው።

እዚህ ቤት ውስጥ ነገሩ የዳነው ሥራው ራሱ ሌላ ጉድለት ስላሳየ ነው። ፕሎተሩ ወደኋላም ስለሚመለስ ሦስት ሜትሩን በአንድ ጊዜ ከቆረጠ ሆዱ አይበቃም። ሥዕሉ ኮምፒውተር ላይ በ50 ሳንቲሜትር እየተከፋፈለ መቆረጥ አለበት፤ የትኛው መስመር ቀድሞ እንደሚቆረጥም መታወቅ አለበት። ወረቀቱ የት እንደሚሳሳ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቅ አልነበረምና ክፍፍሉን ተማረች። አሁን የሚከፈላት በተቆረጠው ሜትር ነው። ክፍያውን ግን ባለቤቱ ብቻውን አልወሰነም፤ እርሷ ጠይቃ፣ ተከራክራ፣ አንድ ሳምንት ተኮራርፈው ነው የተስማሙት።

ሁሉም ቤት እንዲህ አይጨርስም። ብዙ ቦታ ማሽኑ ገብቶ ረዳቱ ይሸኛል፤ ከረዳቱ እጅ የተቀዳው ብልሃት ግን እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አንድ ሰው አዲስ ዕቃ ሠርቶ ድካም ሲያስቀር «ጎበዝ!» ማለት ብቻ አይበቃም። የተረፈው ሌሊት ለማን እንደ ደረሰም መጠየቅ ያስፈልጋል።