ላባው ከጓሮ፣ መንጠቆው ከባሕር ማዶ

ጭሮ ተቀምጦ ስለ ባሕር ዓሣ ማውራት እንደሚያስቅ አውቃለሁ። አሰበ ተፈሪ ከባሕር ጋር ያላት ዝምድና በሚኤሶ የሚያልፈው የጅቡቲ ባቡርና በዚያው አቅጣጫ የሚሰደዱ ልጆቿ ናቸው። የማወራውም ስለ እነሱው ነው።

አሜሪካ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በዘንግ ማጥመድ ይወዳል። ሲመጣ አንድ ሣጥን ሰው ሠራሽ «ዝንብ» አሳየኝ። ዝንብ ይበሉት እንጂ የባሕሮቹ የሚመስሉት ትንንሽ ዓሣና ሽሪምፕ ነው፤ መንጠቆ ላይ በክር የታሰረ ላባና ፀጉር ናቸው። ከፋብሪካ የወጡ መስለውኝ ነበር። ሁሉም በእጅ የታሰሩ ናቸው።

መንጠቆው ላይ ቀልድ የለም። ለወንዝ የሚሆነው ተራ መንጠቆ ጨው ውኃ ሲነካው ይዝጋል፤ ዝገቱም ፀጉሩን ያበላሻል። ስለዚህ ስቴይንለስ ወይም በኒኬልና በመሰል ማዕድን የተለበጠ ብረት ይመረጣል። ስቴይንለሱም የራሱ ጣጣ አለው፦ ክሩ ተበጥሶ ዓሣው ይዞት ከሄደ አፉ ውስጥ ቶሎ አያልቅም። ይህን ብረት እኛ አንሠራውም፤ የኖርዌዩ ሙስታድ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1877 ጀምሮ መንጠቆ ሲሠራ ኖሯል። ከውጭ ይግባ፤ ሺህ መንጠቆ አንድ ፌስታል አይሞላም።

ሌላውስ? ሌፍቲ ክሬይ የተባለ አሜሪካዊ በ1950ዎቹ መጨረሻ የፈጠረው «ዲሲቨር» በዓለም ከታወቁት የባሕር ዝንቦች አንዱ ነው። ጅራቱ ረጃጅም የአውራ ዶሮ ላባ፣ አንገቱ ዙሪያ የአጋዘን ጅራት ፀጉር ነው። ለወንዙ ዝንብ ለላባው ተብሎ የሚረባ ልዩ ዶሮ ይፈለጋል፤ ለባሕሩ ግን ሰፊና ለስላሳው ላባ ይበቃል። በአጋዘኑ ፈንታ የፍየል ፀጉር የሚያስሩም አሉ። በእንቁጣጣሽና በአረፋ ማግስት ጓሯችን ምን ተጥሎ እንደሚያድር አንባቢ ያውቃል።

ይህ ቅዠት እንዳይመስላችሁ፣ ጎረቤታችን ኬንያ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ዝንብ እያሰረች ለአውሮፓ ትሸጣለች። እኛ ዘንድ እጅ አልጠፋም። ገለምሶና ሂርና ላይ ጫት የሚያስሩ ሴቶችን ፍጥነት ያየ ይመስክር። ልዩነቱ ጫት በሁለት ቀን ይጠወልጋል፤ ገበያውም በአንድ ደብዳቤ ይዘጋል። እንግሊዝ በሰኔ 2014 (በፈረንጆቹ) ስታግድ አይተናል። በደንብ የታሰረ ዝንብ ብል ካልበላው ዓመታት ይቆያል።

ጫቱን ተውት አላልኩም። አንድ ክፍል፣ ጥቂት ትንንሽ ሞርሳ፣ ክርና ቫርኒሽ ይዞ ሃያ ልጆችን ማሠልጠን ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ከባድ አይደለም። ከባዱ ወረቀቱ ነው፦ ላባና ፀጉር የእንስሳት ውጤት ስለሆነ ገዢው አገር እንዲታጠብና እንዲታከም፣ የጤና ምስክርም እንዲኖረው ሊጠይቅ ይችላል። ከሥልጠናው በፊት ይህን ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ጋር መጨረስ ያስፈልጋል።